ከደብዳቤ ጋር የመጣው ጋሪ

በፌብሩዋሪ 1821 ለንደን ውስጥ ኬፕል ጎዳና በሚባል ሰፈር፣ ጆን ኮንስታብል የተባለ የ44 ዓመት እንግሊዛዊ ሠዓሊ ወርዱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ከቀረው ሸራ ፊት ቆሞ አንድ ነገር ቸግሮታል። ሸራው ላይ ያለው የተወለደበት የሰፎክ አገር ነው። ወንዙ፣ ዳር ላይ ያለችው የገበሬ ቤት፣ ከማዶ ድርቆሽ የሚታጨድበት መስክ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። የጎደለው ወንዙ ውስጥ የሚገባው ጋሪ ነው። ጋሪ ለንደንም ሞልቷል፤ እሱ የፈለገው ግን የዚያኑ አገር የመኸር ጋሪ፣ የሰፎክ ገበሬ አይቶ «ይህስ የእኛ ነው» የሚለውን ነበር። ስለዚህ አገር ቤት ለቀረው ታናሽ ወንድሙ ለኤብራም ጉዳዩን አስታወቀ። የጎረቤታቸው ልጅ ወጣቱ ጆን ደንቶርን በዚያ ብርድ ደጅ ቆሞ የጋሪውን ቅርጽ ነደፈ፤ ንድፉም ከኤብራም ደብዳቤ ጋር ለንደን ገባ። ኤብራም ልጁን በሥራው ላይ ብርዱ ምን ያህል እንዳሠቃየው ሳይጠቅስ አላለፈም። ሥዕሉ ዛሬ «የድርቆሽ ጋሪ» በሚል ስም በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ተሰቅሏል፤ በእንግሊዝ ከዚህ የበለጠ ሕዝብ የሚያውቀው የመልክዓ ምድር ሥዕል ማግኘት ያስቸግራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከከተማ ወከባ ርቆ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ዐይኑ ያየውን እጁ የሚከተልለትን ሰው ነው። ጊዜ የተረፈው፣ ዕዳ የማያሳስበው፣ ልጅ የማያለቅስበት ሰው ይመስለናል። የኮንስታብል ደብዳቤዎች ይህን ሥዕል ያፈርሱታል። እኔ ከዚያም አልፌ እሄዳለሁ። ኮንስታብልን ኮንስታብል ያደረጉት ታላላቅ ሥዕሎች የተወለዱት ከአገሩ በመራቁ ነው፤ ያንን ርቀት የሸፈነለት ደግሞ በየሳምንቱ የሚመላለሰው ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ስለ ሥዕሉ ወሬ የሚነግረን ተጨማሪ ሰነድ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያንሰዋል። እንደ ብሩሹና እንደ ቀለም ሰሌዳው ሁሉ ከሥራ ዕቃዎቹ አንዱ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ከቤተሰቡ መነሳት ያስፈልጋል። ኮንስታብል በጁን 11 ቀን 1776 ኢስት በርግሆልት በሚባል የሰፎክ መንደር ተወለደ። አባቱ ጎልዲንግ ኮንስታብል እህል ነጋዴ ነበሩ፤ በስቱር ወንዝ ላይ የፍላትፎርድና የዴዳም የውሃ ወፍጮዎች የእሳቸው ናቸው፣ መንደሩ አጠገብ ባለው ሜዳ የነፋስ ወፍጮ ነበራቸው፣ እህሉን ወደ ለንደን የምታደርስ ትንሽ መርከብም ነበረቻቸው። የበኩር ወንድ ልጃቸው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስለነበረበት ንግዱን ይወርሳል ተብሎ የታሰበው ሁለተኛው ወንድ ልጅ ጆን ነው። ወፍጮ ቤት ገብቶ አንድ ዓመት ያህል ሠራ። ከዚያ ዱቄት ይበቃኛል ብሎ በ1799 ለንደን፣ ሮያል አካዳሚ በሚባለው የሥነ ጥበብ ተቋም ትምህርት ቤት ገባ፤ ንግዱንም ኋላ ኤብራም ተረከበ። ያ አንድ ዓመት ግን በከንቱ አልቀረም። የነፋስ ወፍጮ የሚጠብቅ ሰው ሥራው ሰማይ ማየት ነው፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ፣ ደመናው ምን እንደሚያመጣ ካላወቀ ወይ እህሉ ሳይፈጭ ያድራል ወይ የወፍጮው ክንፍ ይሰበራል። ይህ ወፍጮ ቤት ያስተማረው ሰማይን የማንበብ ልማድ፣ ቆይተን እንደምናየው፣ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ደብዳቤ የሕይወቱ ማዕከል የሆነው በፍቅር ምክንያት ነው። ማሪያ ቢክኔልን ያወቃት ገና ልጅ ሳለች፣ አያቷን ልትጠይቅ ኢስት በርግሆልት ስትመጣ ነው፤ በ1809 ተዋደዱ። አባቷ የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ጠበቃ ናቸው። አያቷ ዶክተር ሩድ ደግሞ የዚያው የኢስት በርግሆልት ደብር አስተዳዳሪ፣ ሀብታምና ቁጡ ቄስ ናቸው። የወፍጮ ባለቤት ልጅ፣ ያውም ሥዕል የማይሸጥለት ሠዓሊ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያገባ? ከውርስ እነቅላታለሁ ብለው አስፈራሩ። በዚህ የተነሳ ጥንዶቹ እስከ 1816 ድረስ ሰባት ዓመት ተጠባበቁ። መገናኘቱ ሲከለከል መጻጻፉ ቀረላቸው፤ እሱም አንዳንዴ ይከለከል ነበር። እሷ ለንደን፣ እሱ በበጋው ሰፎክ፤ ወይም እሱ ለንደን ሲመለስ እሷ ዘመድ ዘንድ ትላካለች። ይህ ጊዜ ሠዓሊው እጁን ያፈታበት፣ የስቱርን ሸለቆ ዛፍ በዛፍ የለቀመበት ጊዜ መሆኑ እንዲሁ የተገጣጠመ ነገር አይመስለኝም። በማርች 1814 ለማሪያ በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድ ወቅት ስለ ዕለት ማስታወሻ አንስታበት እንደነበር አስታውሶ፣ ባለፈው በጋ የሠራው አንድ ትንሽ ማስታወሻ እንዳለው፣ ብታየው ደስ እንደሚላት ይነግራታል። ማስታወሻ ያለው ግን ጽሑፍ የለበትም፤ የንድፍ ደብተር ነው። በሽርሽሩ ላይ ያገኘውን የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ቅጠል፣ የሩቅ ሜዳ የሞላበት፣ ኪስ የሚገባ ደብተር። ለዚህ ሰው ንድፍ ማለት ለወዳጅ የሚጻፍ የዕለት ወሬ ነበር ማለት ነው። ደብዳቤና ንድፍ ከአንድ ምንጭ ይቀዱ ነበር።

የዚያን ዘመን ፖስታ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅም ይጠቅማል። ባለአንድ ፔኒ ቴምብር የመጣው በ1840፣ ኮንስታብል ከሞተ ከ3 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የፖስታ ዋጋ የሚሰላው በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ብዛት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለውም ተቀባዩ ነበር። ማሸጊያ ፖስታ ራሱ እንደ ሁለተኛ ወረቀት ስለሚቆጠር፣ ሰው አንዱን ወረቀት አጣጥፎ በሰም ያትመዋል፤ አድራሻውም በዚያው በደብዳቤው ጀርባ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ እያንዳንዷ ገጽ እስከ ጥጓ ትሞላለች። የቤት ኪራይ፣ የሕፃን ትኩሳት፣ የሠዓሊዎች ሐሜት፣ የደመና ቀለም፣ የወንድም ሰላምታ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ይጋፋሉ። ዛሬ አንባቢ የኮንስታብልን ደብዳቤ ሲያነብ አንዱ አረፍተ ነገር ስለ ጥበብ፣ ቀጣዩ ስለ ብድር ሆኖ ሲያገኘው ሊገረም ይችላል። ወረቀቱ የሚወደድበት ሰው ግን ኑሮውንና ሐሳቡን በተለያየ ፖስታ አይልክም። ይህ ለእኛ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሥዕሉ ከየትኛው ኑሮ መካከል እንደወጣ ቁልጭ አድርጎ ያሳየናልና።

ከደብዳቤ ወዳጆቹ ሁሉ የላቀውን ሥፍራ የያዘው ጆን ፊሸር ነው። ፊሸር የሶልዝበሪ ጳጳስ የወንድም ልጅና ራሱም ቄስ ነበር። በኦክቶበር 2 ቀን 1816 ኮንስታብልንና ማሪያን በለንደኑ የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ያጋባቸው፣ ከዚያም ለጫጉላ በባሕር ዳርቻ ያለ ቤቱን የሰጣቸው እሱ ነው። በ1819 ከትላልቆቹ የስቱር ሥዕሎች የመጀመሪያውን «ነጩ ፈረስ» የተባለውን በ100 ጊኒ የገዛውም እሱ ነው። ኮንስታብል ስለ ጥበቡ የተናገራቸው፣ እስከ ዛሬ በሥነ ጥበብ መጻሕፍት የሚጠቀሱት ሐሳቦች አብዛኞቹ ለዚህ ቄስ ከተጻፉ ወረቀቶች የተወሰዱ ናቸው። በኦክቶበር 1821 ከሃምስቴድ በጻፈለት ደብዳቤ፣ ብዙ ጊዜውን ሰማይ በመሣል እንዳጠፋ፣ ለአንድ መልክዓ ምድር ሰማዩ የመጠኑ መለኪያና የስሜቱ ዋና መናገሪያ እንደሆነ ያብራራል። እዚያው ደብዳቤ ላይ ከወፍጮ ግድብ የሚያመልጥ ውሃ ድምፅን፣ አሮጌ የበሰበሰ ሳንቃን፣ አልጌ የለበሰ ግንድንና የጡብ ሥራን እንደሚወድ፣ ሠዓሊ ያደረገው የስቱር ዳርቻ መሆኑን ይናገራል። ልብ እንበል፤ ይህን ሲጽፍ ያለው ከለንደን በስተሰሜን ባለ ኮረብታ ላይ ነው፤ የሚጽፍለትም ሰው ሰፎክ ውስጥ የለም። የበሰበሰው ሳንቃ ከሁለቱም የራቀ ነው። ወንዙ ዳር የቆመ ሰው የውሃውን ድምፅ መቁጠር አያስፈልገውም፤ ይሰማዋልና። የሚቆጥረው የናፈቀው ነው።

ስለ ሰማዩ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ይገባዋል። ኮንስታብል በ1821 እና በ1822 በሃምስቴድ ሜዳ ላይ በትናንሽ ወረቀቶች የደመና ጥናቶችን በዘይት ቀለም ሠራ። በ1822 መጸው ለፊሸር ሲጽፍ 50 ያህል እንደደረሱለት ይነግረዋል። ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱና የነፋሱ አቅጣጫ ተጽፎባቸዋል። የፊት ገጹ ሥዕል ነው፣ ጀርባው ደግሞ የአየር ጠባይ መዝገብ። በዚያ ዘመን ሉክ ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ ለደመና ዓይነቶች ዛሬ ዓለም የሚጠቀምባቸውን ስሞች ካወጣ ገና 20 ዓመቱ ነበር፤ ኮንስታብልም ስለ አየር ጠባይ የተጻፈ መጽሐፍ ገዝቶ ኅዳጉ ላይ አስተያየቱን እየጻፈ ያነብ ነበር። በ1836 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ባደረገው ንግግር ሥዕል የተፈጥሮን ሕግ የሚመረምር ሳይንስ ነው የሚል አቋሙን በአደባባይ አሰምቷል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ሰማዩን በትዝታ ብቻ እንዳልሣለው ነው። የሰፎክ ምድር በትዝታና በደብዳቤ ይመጣል፤ ከላዩ ያለው ሰማይ ግን ከቤቱ አጠገብ በዐይን የተጠና ሰማይ ነው። ሁለቱ አንድ ሸራ ላይ ሲገናኙ ሥዕሎቹን ስናይ የሚሰማን ያ እንግዳ ነገር ይፈጠራል፤ ቦታው የድሮ ነው፣ አየሩ የዛሬ።

የዕለት ኑሮውስ? ከ1822 ጀምሮ ቤቱ ለንደን ሻርሎት ጎዳና ቁጥር 35 ነበር። ከ1817 እስከ 1828 ሰባት ልጆች ተወለዱለት። ማሪያ የሳንባ ሕመም ስላደረባት አየሩ ይስማማታል ተብሎ በበጋ ሃምስቴድ ቤት ይከራያሉ፤ ከ1824 ጀምሮ ደግሞ እሷና ልጆቹ ብራይተን ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ መሄድ ጀመሩ። እሱ ለሥራ ለንደን ይቀራል። በእነዚያ ወራት ለማሪያ ሲጽፍ ቀን በቀን ማስታወሻ እየያዘ፣ ሲጠራቀም ይልክላት ነበር። ማን መጣ፣ ማን ምን ገዛ፣ የትኛው ሥዕል ምን ደረሰ፣ ቤቱ እንዴት ሰነበተ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከብዙ የጥበብ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ እነዚህ ገጾች ያስተምራሉ ብዬ አምናለሁ። ሥራው በሰው እየተቋረጠ፣ በገንዘብ ጭንቀት እየተገፋ፣ የዐውደ ርእይ ቀን እየደረሰበት ይሄዳል። ትልልቆቹን ሥዕሎች ከመጀመሩ በፊት በዚያው ስፋት ሙሉ ረቂቅ በዘይት ቀለም ይሠራ ነበር፤ አንድ ሥዕል ሁለት ጊዜ መሣል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ መነሳሳት መጣልኝ ብሎ በአንድ ጀምበር የሚጨርሱት አይደለም። እንደ ወፍጮ ሥራ በየቀኑ የሚገፋ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ተገቢ ተቃውሞ ሊያነሳ ይችላል። ኮንስታብል ደጅ ወጥቶ በመሣሉ የሚታወቅ ሠዓሊ አይደለም ወይ? እውነት ነው። በወጣትነቱ የቀለም ሣጥኑን ይዞ ሜዳ ለሜዳ እየዞረ ትናንሽ የዘይት ቀለም ንድፎችን ሠርቷል። በ1814 በፍላትፎርድ ጀልባ ሲሠራ የሚያሳየውን ሥዕሉን ከሞላ ጎደል እዚያው ደጅ ነው የጨረሰው። ከሠርጉ በፊት በነበሩት ሳምንታት እንኳ ፍላትፎርድ ላይ የጀመረው ሥዕል አላልቅ ብሎት ሠርጉን ትንሽ ብናዘገየው ምን ይመስልሻል ብሎ ለማሪያ ጽፎላት፣ እሷም ሰባት ዓመት ጠብቃ ይህን በመስማቷ ክፉኛ ተቆጥታለች። (ልትቆጣ ይገባታል።) ስለዚህ ደጅ የመሣሉን ነገር አልክድም። ነገር ግን በ1819 እና በ1825 መካከል የወጡትን ስድስቱን ታላላቅ የስቱር ሥዕሎች እንያቸው፤ የተሣሉት ለንደን ነው። ካገባ በኋላ ሰፎክ የሚሄደው አልፎ አልፎ ለጉብኝት ብቻ ነበር። ደጅ የተሠሩት ንድፎች ለእሱ እንደ ጎተራ እህል ነበሩ፤ ከዓመታት በኋላ ከተማ ተቀምጦ ያወጣቸዋል። ጎተራው ውስጥ የሌለው፣ ለምሳሌ ጋሪው፣ በደብዳቤ ይጠየቃል። ትልቁ ሥዕል የትልቅ ርቀት ልጅ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ደብዳቤ ሰው ራሱን አሳምሮ የሚያሳይበት ወረቀት ነው፤ እንዴት እንመነዋለን? በተለይ የኮንስታብል ደብዳቤዎች ለሕዝብ የደረሱት በጓደኛው በሠዓሊው ቻርልስ ሮበርት ሌስሊ እጅ አልፈው ነው። ሌስሊ በ1843 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ደብዳቤዎቹን ሲያቀርብ ወዳጁን ስለሚወድ ሻካራውን አለስልሷል። የኮንስታብል ምላስ ግን ስለታም ነበር፤ ሰው ያስቀይማል፣ ቂም ይይዛል፣ ያማርራል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከ1962 እስከ 1968፣ ቤኬት የተባለ አዘጋጅ ደብዳቤዎቹን በስድስት ቅጽ ሰብስቦ ሲያወጣ ነው ሰውየው ሙሉ መልኩን ያገኘው። ተቃውሞው ለሌስሊ መጽሐፍ ይሠራል፤ ለእኔ ክርክር ግን ብዙም አያሰጋውም። እኔ የተደገፍኩት ኮንስታብል ስለ ራሱ ባለው ላይ ብቻ አይደለም። ኤብራም ስለ ጋሪው ንድፍ ሲጽፍ ታሪክ ይዘክረኛል ብሎ አይደለም፤ ዕቃ መላኩን የሚያስታውቅ ወንድም ነው። የቤተሰብ ደብዳቤ ስለ ጥበብ ምንም ሳያስብ ስለ ጥበብ የሚመሰክረው በእንዲህ ያለው ቦታ ነው። ማንም ለማስዋብ ያልጣረበት ምስክርነት ነውና ክብደቱ ይበልጥብኛል።

የፓሪሱ ነገርም ያው ርቀት በሌላ በኩል ሲታይ ነው። «የድርቆሽ ጋሪ» በ1821 በሮያል አካዳሚ ዐውደ ርእይ ሲቀርብ ገዢ አላገኘም። በ1824 ግን አሮውስሚዝ የተባለ የፓሪስ ነጋዴ ከሌሎች ሁለት ሥዕሎች ጋር በ250 ፓውንድ ገዝቶ ወሰደው። በዚያው ዓመት በፓሪሱ ታላቅ ዐውደ ርእይ ታየ፤ የፈረንሳይ ሠዓሊዎች አየሩንና ብርሃኑን አይተው ተደነቁ፤ ንጉሥ ቻርልስ 10ኛም የወርቅ ሜዳልያ ሸለሙት። ኮንስታብል ግን ባሕሩን አልተሻገረም። በሕይወቱ ሙሉ ከእንግሊዝ ወጥቶ አያውቅም። ስለ ራሱ ዝና የሚያውቀው ከፓሪስ በሚመጣ ደብዳቤና ሻርሎት ጎዳና በራፉን ከሚያንኳኩ ፈረንሳውያን ነበር፤ ያንንም ብራይተን ላለችው ማሪያ መልሶ ይጽፍላታል። አገሩን በደብዳቤ ያመጣ ሰው ክብሩንም በደብዳቤ ተቀበለ። ከነጋዴው ጋር ግን ብዙ ሳይቆዩ በ1825 ተጣሉ።

በኖቬምበር 23 ቀን 1828 ማሪያ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። 40 ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ ልጅ ገና ዓመት አልሞላውም። ኮንስታብል ለታላቅ ወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ የዓለም መልክ እንደተለወጠበት ነገረው፤ ከዚያ በኋላም እስኪሞት ድረስ ጥቁር ልብስ ለበሰ። በፌብሩዋሪ 1829 ሮያል አካዳሚ በአንድ ድምፅ ብልጫ ሙሉ አባል አደረገው፤ የሚያካፍላት ሰው ከሄደች ከሦስት ወር በኋላ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ለዐውደ ርእይ ያቀረበው ሥዕል «የሃድሊ ቤተ መንግሥት» ነው፤ ከቴምዝ ወንዝ መግቢያ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ የፈራረሰ ግንብ፣ ከሱ ሥር ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር፣ ከሁሉም በላይ ደመናውን የሚሰነጥቅ ብርሃን። ይህን ቦታ ያየው በ1814 ነበር። ያን ጊዜ በእርሳስ ነድፎት፣ ስለ ፍርስራሹና ከዚያ ስለሚታየው ሰፊ ባሕር ለማሪያ ጽፎላት ነበር፤ መገናኘት የተከለከሉበት ዘመን ነው። ንድፉ ከ14 ዓመት በላይ ተቀምጦ ቆየ። ያነሳው እሷ ስትሞት ነው። ስለ ሐዘኑ ብዙ ተጽፏል፤ ፍርስራሹም የሰውየው ልብ ምሳሌ ተደርጎ ይታያል። እኔ የማየው ከዚህ ይልቅ ተጨባጭ ነገር ነው። ለአንዲት ሴት በደብዳቤ የተገለጸ ቦታ፣ ደብዳቤ የምትቀበለው ሴት በሌለችበት ጊዜ፣ ሥዕል ሆነ። ወረቀቱ የሚደርስበት አድራሻ ጠፋ፤ ቦታው ግን ገና ተነግሮ አላለቀም ነበር።

አሁን ልሸሸው የማልችለው ጥያቄ ቀረ። ይህ ሁሉ ናፍቆት የሀብታም ነጋዴ ልጅ ናፍቆት አይደለም ወይ? በሥዕሎቹ ውስጥ ድርቆሽ የሚያጭዱት፣ ጀልባ የሚገፉት ሰዎች ትንንሽ ናቸው፤ ፊታቸው አይለይም፤ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ የነበረው የእንግሊዝ ገጠር ግን ሰላም አልነበረም። የእህል ዋጋ ወድቆ፣ የቀን ሠራተኛው ደመወዝ አልበቃ ብሎት፣ በምሥራቅ እንግሊዝ ክምርና ጎተራ ይቃጠል ነበር። ምሁሩ ጆን ባረል በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ኮንስታብል ድኻውን ከሩቅ የሣለው ቀርቦ ማየት ስለሚያስፈራው ነው የሚል ክርክር አቅርቧል። ሠዓሊው በፖለቲካ አቋሙ ወግ አጥባቂ ነበር፤ በ1830ዎቹ መጀመሪያ የምርጫ ሕጉ ይሻሻል ሲባል ተቃውሟል። ስለዚህ ክሱ ከባዶ አልተነሳም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ ላስተባብለው አልችልም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ኮንስታብል አላወቀም ማለት አንችልም፤ እንዲህ እንዳንል ደብዳቤው ራሱ ይከለክለናል።

በኤፕሪል 1822 ለፊሸር ጽፏል። ገንዘብ ክፉኛ ቸግሮታል፤ 20 ወይም 30 ፓውንድ እንዲያበድረው ይለምነዋል። ለ«ድርቆሽ ጋሪ» ከፓሪስ 70 ፓውንድ ቀርቦለት ይሽጠው አይሽጠው እያመነታ ነው። ወንድሙ ኤብራም ስለ ሰፎክ ሁኔታ ተጨንቆ እንደጻፈለትም ይነግረዋል፤ ቅርብም ይሁን ሩቅ እሳት ሳይታይ የሚያድር ሌሊት የለም፤ ደብሩን የሚያስተዳድሩት ቄስና ባለርስቱ መንደሩን ጥለው ሄደዋል፤ አሥራቱም ኪራዩም አልተቀነሰም። ማለት ጋሪውን በላከለት በዚያው የወንድም እጅ፣ በዚያው መንገድ፣ እሳቱም ለንደን ደርሷል። በዚያው ሰሞን ስለ አዲሱ ትልቅ ሥዕሉ፣ በዴዳም አቅራቢያ ስላለው የስቱር ወንዝ ሥዕል፣ ለፊሸር ያስረዳል፤ ፊሸር አይቶት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር አቀማመጡ ከሞላ ጎደል ተለውጧል። የጀልባውን የነፋስ ሸራ አውልቋል፣ መሐል ላይ ሌላ ጀልባ ጨምሯል፣ የዛፎቹን ስብስብ አሻሽሏል፣ ድልድዩንም ሙሉ አድርጎታል። ሥዕሉ በዚያው በጸደይ በአካዳሚው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጀልባዎቹ አሉ፣ ዛፎቹ አሉ፣ ድልድዩ አለ፣ ከወዲያ ማዶ የዴዳም ቤተ ክርስቲያን ማማ ይታያል።